ሳውና ውስጥ የከረመው ሞተር

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማለዳ ኢርማ ሳልሚ የሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸውን፣ ልብስ ማውለቂያ ክፍል ከፍታ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ከጥጉ ያልተነቃነቀውን የአባቷን በረዶ ተፊ ማሽን በሁለት እጇ እየጎተተች ወደ ግቢው አወጣችው። የተሸፈነበትን የሱፍ ብርድ ልብስ ስትገፍፈው አቧራው አስነጠሳት። ማሽኑ ሲያዩት ደህና ነው። ከፊት እንደ ሥጋ መፍጫ የተጠማዘዘው በረዶ የሚበላበት ብረት፣ ከላይ የበላውን ወደ ጎን የሚተፋበት ረጅም ጉሮሮ፣ ከኋላ ሁለት እጀታ፣ መሐል ላይ ሞተሩ፤ ሁሉም በቦታው ነበር።

ጎረቤቷ ቢል ትረቫሮ ከአጥሩ ማዶ ማገዶ መደርደሩን ትቶ ቀና አለ።

«ምንድን ነው የምታወጪው? ሬሳ ነው?»

«ሬሳ አይደለም፣ የተኛ ነው።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተኛማ ሬሳ ነው። እናንተ ፊንላንዶች የሞተ ነገር መቅበር የምትማሩት መቼ ነው?»

«እናንተ ኮርንዌሎች ሳይሞት መቅበር የተዋችሁ ዕለት።»

አያቶቹ ባሕር ተሻግረው ከኮርንዌል ለማዕድን ቁፋሮ የመጡት ቢል ሳቀ። ሳቁ ግን የባለሙያ ሳቅ ነበር። ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሣር ማጨጃና የእንጨት መሰንጠቂያ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስለ ሞተር የተናገረው መሬት ጠብ አይልም።

«የኔ እህት፣ አትድከሚ። አይነሣም» አለ።

«ይነሣል» አለች ኢርማ።

ይህን ያለችው ቢልን ልትበልጠው ብላ አልነበረም። መነሣት ስለነበረበት ነው።

መንደሩ ቁጥር ሰባት ይባላል። ኪዊናው በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ፣ ከትልቁ ሐይቅ ወዲህ፣ ድሮ መዳብ ይወጣበት በነበረ በሰባተኛው ጉድጓድ አፋፍ የተሠሩ ሃያ ሦስት ቤቶች ናቸው። የኢርማ አባት ኡርሆ ጉድጓዱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ኩባንያው ማዕድኑን የዘጋው ዓመት የመንደሩ ሰው ግማሹ ወደ ደቡብ፣ ወደ መኪና ፋብሪካዎቹ ተሰደደ። ሰው ሁሉ ሻንጣ ሲገዛ ኡርሆ በረዶ ተፊ ገዙ። ሐይቁ በየክረምቱ ሰባት ሜትር በረዶ በሚያራግፍበት አገር ይህ ማለት «እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» ማለት ነው፤ ሌላ ንግግርም አላደረጉም።

ኢርማም የአባቷ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ልታገባ ተቃርባ ነበር። ሰውየው ወደ ደቡብ እንሂድ ሲላት፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኝታው፣ ስንቁን በእጁ ሰጥታው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ክረምት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች። በሃያ አራት ዓመት ያረፈደችው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱን ቀን ድልድይ ተሰብሮ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ አንድ ትልቅ አጋዘን መንገዱ መሐል ቆሞ አልነሣም ብሏት። ሞተር ሲታመም ገና ከመሳሉ በፊት በእግሯ መዳፍ ታውቀዋለች ይሏታል። ባለፈው ሰኔ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ጡረታ ወጣች።

አሁን የቸገራት የእናቷ ነገር ነው። ሂልያ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አምና በጥር ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተማው ውስጥ ካለው የአረጋውያን ቤት ገቡ። ዳሌው ድኗል፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ሁለት ሰው የሚበላውን ይበላሉ፤ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ ቤታቸው መግባት። ነገር ግን የአረጋውያኑ ቤት ኃላፊ ነርስ ዶሪን ኢርማን ጠርታ ቁርጡን ነግራታለች።

«ኢርማ፣ ያንቺን ጉብዝና አውቃለሁ። ግን ከቤታችሁ በር እስከ ዋናው መንገድ መቶ ሃምሳ እርምጃ ነው። አምቡላንስ በፈለገው ሰዓት መግባት አለበት። መንገዱን ይጠርግላችሁ የነበረው ዋይኖ ልጁ ዘንድ ሄዷል አሉ።»

«ሄዷል።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ባለ መጥረጊያ መኪኖቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ደንበኛ ሞልቶባቸዋል።»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ከመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ማግሥት በራሴ መኪና እመጣለሁ። ከበራችሁ ድረስ ከገባሁ እፈርማለሁ። ካልገባሁ እናትሽ እስከ ግንቦት እዚሁ ናቸው።»

ሂልያ ይህን ሲሰሙ፣ «በሰማንያ ስድስት ዓመት ግንቦት ማለት ሌላ አገር ማለት ነው» አሉ።

አዲስ ማሽን ለመግዛት የኢርማ አቅም አይፈቅድም። መቶ ሃምሳ እርምጃ በረዶ በአካፋ መግፋት ደግሞ ለአንድ ቀን እንጂ ለአንድ ክረምት አይሆንም። የቀረው የአባቷ ማሽን ነው። አባቷ ካረፉ በኋላ መንገዱን ዋይኖ በመኪናው ስለያዘላቸው ማንም ነክቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ካንዴላውን ፈታች። በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ ጥቂት ጠብቃ፣ የማስነሻ ገመዱን ቀስ ብላ ሳበችው። ሞተሩ ዞረ። ፒስተኑ አልነከሰም። አባቷ በየጸደዩ ማሽኑን ሲያስተኙት በዚያው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት የማፍሰስ ልማድ ነበራቸው፤ በመጨረሻው ጸደያቸውም አልረሱትም ማለት ነው።

ቢል አጥሩን ዘሎ መጣ። «እንግዲህ አባትሽ ሰው ነበሩ» አለ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ግን መዞር ሌላ፣ መነሣት ሌላ።»

የከረመውን ቤንዚን ቀዳችው። ቀለሙ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል፣ ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ካርቡራቶሩን አውልቃ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ በታተነችው። ሙጫ የሆነውን ቤንዚን በመድኃኒት ዘፍዝፋ አላቀቀች፤ ፀጉር የማታክል ቀዳዳ ነበረች፣ እሷን ከብረት ብሩሽ በነቀለችው ሽቦ ወጋቻት። ወደ መስኮቱ ይዛ አየችባት፤ ብርሃኑ በቀዳዳዋ አለፈ። አዲስ ዘይት፣ አዲስ ቤንዚን፣ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ገመድ አደረገችለት። ከዚያ ግቢው መሐል አቁማ ሳበች።

ሠላሳ ጊዜ ሳበች። ማሽኑ ትን እንኳ አላለውም።

ቢል ካንዴላውን አወጣና ሽቦው ላይ እንዳለ ብረቱን አስነክቶ ያዘው። «እስቲ ሳቢው።»

ሳበች። ጎንበስ ብለው አዩ። በካንዴላው ጫፍ ላይ ምንም ብልጭ አላለም።

«አየሽ? እሳት የለውም። ይሄ ሞተር ብልጭታውን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ ከውጭ የምታይው ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ነው። ሁለተኛው ከቮላኖው ሥር፣ ከዚህ ከከባዱ የብረት ጎማ በታች ያሉት ጥንድ ጥርሶች ናቸው፤ እየተነካኩና እየተለያዩ ብልጭታውን ይለቁታል። እነሱ የሚበላሹት በዝገት ነው። ይሄ የከረመው ግን ጎተራ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፣ ደረቅ ቦታ። ስለዚህ ኮይሉ ነው የሞተው። እሱን ኮይል ደግሞ መሥራት ካቆሙ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል።»

«ሌላ ቦታ አይገኝም?»

«የኔ እህት፣ እኔ ሳልፈልግ የቀረሁ ይመስልሻል? ለስንቱ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።»

ነገሩ ለኢርማም ልክ መስሎ ታያት። ሳውና ከግቢው ሁሉ ንጹሑና ሞቃቱ ቤት ነው። አባቷ ማሽኑን እዚያ ያስገቡት ስላከበሩት ነው፤ በመንደሩ ማንም ፊንላንዳዊ የሚሳሳለትን ነገር ከዚያ የተሻለ የሚያኖርበት ቦታ የለውም። ቢሆንም ማሽኑን ወደ ጥጉ አልመለሰችውም። ሸራ አልብሳ ግቢው ውስጥ ተወችው።

«አስገቢው እንጂ» አለ ቢል።

«ለምን? ነገ ልሠራበት ነው።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። የጋገረችውን የሄል ዳቦ ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሂልያ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ዳቦውን ተቀብለው ገና ሳይቆርሱ፣

«ተነሣ?» አሉ።

«አልተነሣም። ግን ይነሣል።»

«እንዲያ በይኝ። እዚህ በየማክሰኞው ወንበር ላይ አስቀምጠው እንደ ድንች ያጥቡኛል። ቧንቧ ይለቁብኛል፣ ያዞሩኛል፣ አለቀ ይሉኛል። ላብ የለ፣ ገላ የሚመቱበት ቅጠል የለ። ምን ሆነ ነው የሚሉት ሞተሩ?»

«እሳት የለውም። ቢል ደግሞ የከረመው ደረቅ ቦታ ስለሆነ ዝገት አይደለም፣ ኮይሉ ነው ይላል።»

ሂልያ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው ፈንድቶ ጎናቸው የተቀመጡትን ሴትዮ ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው።

«ደረቅ? የኛ ሳውና ደረቅ? ይሄ ቢል የሚሉት ሰው ዕድሜ ልኩን ታጥቦ አያውቅም እንዴ!»

«እማዬ፣ ማሽኑ ያለው እኮ ልብስ ማውለቂያው ውስጥ ነው። የሚግለው ድንጋይ ያለበት ክፍል ውስጥ አይደለም።»

«እና የመሐሉን በር ማን ይዘጋዋል? ታጥበሽ ስትወጪ ምን ታደርጊያለሽ?»

ኢርማ አሰበች። «ክፍሉ እንዲደርቅ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።»

«እንፋሎቱ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል? ሰማይ? ያን መስታወት ታስታውሺዋለሽ፣ ከልብስ መስቀያው በላይ የነበረውን? በሁለት ዓመቱ ከጀርባው ጠቁሮ ጣልነው። አባትሽ ማሽኑን ያስገቡ ዕለት፣ ‹ኧረ ኡርሆ፣ ውሃ ይጠጣል› ብላቸው፣ ‹ልጄ የተወለደችበት ሳውና ለብረት አይሆንም ልትይኝ ነው?› አሉኝ።።»

ኢርማ ዳቦውን ቆረሰች። አባቷ በሕይወት ሳሉ ማሽኑ የሳውና እንፋሎት ቢጠጣም ክረምት ሙሉ በየቀኑ ስለሚሠራ ይደርቅ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን አንድም ቅዳሜ አላለፋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፍታ፣ ታጥባ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ስትሄድ፣ የአባቷን ሞተር እንፋሎት ያጠጣችው ራሷ ናት። ዘይቱ ውስጡን ጠብቆታል። ከቮላኖው ሥር ግን ዘይት የለም።

«እማዬ፣ ልሂድ።»

«ቁጭ በይ፣ ገና አሁን መጣሽ!»

«ቮላኖውን ላወልቅ ነው።»

«እንግዲያው ምን ይጎልትሻል፣ ተነሺ!» አሉ ሂልያ።

ቮላኖው እንደ ወሬው በቀላሉ አልወለቀም። የያዘውን ዳዶ ለመፍታት ብቻ ሁለት ቀን ፈጀባት፤ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት እያራሰች፣ ቁልፉ ላይ እየተንጠለጠለች። በሦስተኛው ቀን ቢል አንድ ረጅም የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይዞ መጣ፤ የቁልፉ እጀታ ላይ ሰክተው ለሁለት ሲጫኑት ዳዶው ጮኾ ተፈታ። ቮላኖው ግን ዘንጉን ነክሶ ቀረ። የሚሳብበት መሣሪያ ከከተማ እስኪመጣላቸው ደግሞ ሳምንቱ ተገባደደ፣ ኅዳር ገባ፣ መሬቱ ድንጋይ ሆነ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሣሪያውን ገጠሙት። ኢርማ ቡለኑን በሩብ ዙር በሩብ ዙር አጠበቀች።

«ቀስ» አለ ቢል፣ «ከተሰነጠቀ አለቀልን።»

«‹አለቀልን› አልክ? ‹አለቀልሽ› አልነበር ስትል የከረምከው?»

ቮላኖው ጧ ብሎ ለቀቀ።

ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ። ሁሉ ነገር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሷል። ሁለቱ ጥርሶች እንደ ስንዴ ቅንጣት ያነሱ ናቸው፤ ዱቄቱ አንድ ላይ ጋግሯቸዋል። በደረቅ ቤት የከረመ ብረት እንዲህ አይሆንም።

ቢል መነጽሩን አወለቀና ጠራረገው። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼ» አለ፣ «ደንበኞቼን ‹ማሽንህን የት ነበር ያኖርከው› ብዬ እጠይቃለሁ። ‹ሳውና ውስጥ› ያለኝ ስንቱ ነው! ሁሉንም ‹ደግ አደረግክ› እያልኩ ኮይል ስቀይርላቸው ኖርኩ።»

«ኮይሉን ስትቀይር ጥርሶቹን አትጠርግም ነበር?»

«እጠርጋለሁ እንጂ። ቮላኖው ከወለቀ አይቀር እያልኩ።»

ኢርማ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ቢል እስኪያስለው ሳቀ። ከእነዚያ ኮይሎች ስንቱ ደህና እንደነበረ እግዜር ይወቀው።

ዱቄቱን በብሩሽ አራገፈች። ጥርሶቹን አለያይታ፣ በመሐላቸው የላመ ብርጭቆ ወረቀት አስገብታ ቀስ ብላ ሳበች፤ እንደገና፣ እንደገና፣ ብረቱ ፈክቶ እስኪያንጸባርቅ። በአልኮል ያራሰችውን ጨርቅ አሳለፈችበት። ቢል ከኪሱ ቀጫጭን የውፍረት መለኪያ ብረቶች አውጥቶ አንዷን ሰጣት፤ ክፍተቱን በእሷ ልክ አድርጋ አጠበቀች። ቮላኖውን መለሱት። ካንዴላውን ብረት አስነክቶ ያዘ።

«ሳቢ።»

ሳበች። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ጠጠር ስትሰበር እንደምትሰማ ዓይነት ድምፅ።

«አቤት!» አለ ቢል።

ካንዴላውን አሠረችው። አየር ማፈኛውን ዘጋች፣ እግሯን ጎማው ላይ አስደግፋ ገመዱን በሙሉ ክንዷ ሳበች። በአራተኛው ማሽኑ አሳለ፣ አንድ ጥቁር የጭስ ኳስ ተፋ፣ ጠፋ። በአምስተኛው ተነሣ። ግቢው ተናወጠ። አየር ማፈኛውን ቀስ ብላ ስትከፍትለት መንተባተቡን ትቶ አንድ ወጥ ድምፅ ያዘ፤ ኢርማ መዳፏን እጀታው ላይ ጭና አዳመጠችው። ደህና ነው። ጤነኛ ነው።

ቢል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። «ሬሳው ተነሣ!»

«የተኛ ነው አላልኩህም!»

እሑድ ጧት ሐይቁ ጠቆረ። እኩለ ቀን ላይ በረዶው ጀመረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ኢርማ በሩን ስትከፍት በረዶው ወገቧ ጋ ነበር። ዶሪን ማለዳ ደውላ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች።

ማሽኑ በሦስተኛው ሳብታ ተነሣ። ፊቱን ወደ በረዶው አዞረችና ለቀቀችው። ተጠማዛዡ ብረት በረዶውን እየነከሰ ይስባል፣ ጉሮሮው ነጭ ቀስት እየሠራ ወደ ጎን ይተፋል። ኢርማ አውቶቡስ ስትነዳ እንደምታደርገው አልተጣደፈችም፣ አልቆመችም። መቶ እርምጃ ያህል ሄደች፣ ተመለሰች፣ አሰፋችው። የከበደው ከዋናው መንገድ አፍ ላይ ነው፤ የመንግሥቱ ትልቅ መኪና አስፋልቱን ሲጠርግ የገፋው በረዶ ከመግቢያቸው ላይ እንደ ግንብ ተከምሮ ጠጥሯል። በትንሽ በትንሹ እያስጎረሰችው ግማሹን እንደበላች ሞተሩ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

ሳበች። እምቢ። ሳበች። እምቢ። ለአራት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

ቢል ሁለት አካፋ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ያዢ! ያዢ! በእጅ እንጨርሰዋለን!»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ? ሴትየዋ ልትደርስ ነው እኮ!»

«ቢል፣ ቆይ አልኩህ።»

ጓንቷን አወለቀች። በድንገት የጠፋ ሞተር እሳት አጥቶ ነው። ይሄ ግን እየቀጠነ ነው የጠፋው፤ ይሄ የጠማው ነው። ታንከሩ ግን ሙሉ ነው። የታንከሩን ክዳን በጣቷ ዳሰሰችው። አየር የሚገባባት ቀዳዳ ላይ በረዶ ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል። ክዳኑን ስትፈታው ታንከሩ ፍስስ ብሎ አየር ሳበ፤ እንደ ሰው ተነፈሰ። ቀዳዳዋን በትንፋሿ አሟሟቀቻት፣ በፀጉር መያዣዋ ወጋቻት፣ ክዳኑን መለሰች፣ ገመዱን ሳበች።

ተነሣ።

ቢል አካፋዎቹን እንደ ተሸከመ ቆሞ ቀረ። «እነዚህንስ ምን ላድርጋቸው?» አለ።

«ጠርዝ ጠርዙን አስተካክልልኝ፣ እንግዳ ነው የሚመጣው።»

የዶሪን ትንሽ ሰማያዊ መኪና አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ከአስፋልቱ ታጠፈች። መቶ ሃምሳውን እርምጃ ሳትንሸራተት ገባች፣ በሩ ፊት ዞረች፣ ቆመች። ዶሪን ወርዳ ግራ ቀኙን አየች፣ ከዚያ ማሽኑን አየች፣ ዕድሜውን ለመገመት የሞከረች ይመስላል።

«እና አንቺ የታመምሽ ቀንስ?»

«እሱ አለ» አለች ኢርማ በአገጯ እያሳየች።

«እኔ?» አለ ቢል። ከዚያ ቀና ብሎ ቆመ። «አዎ፣ እኔ አለሁ።»

ዶሪን ወረቀቱን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ዘርግታ ፈረመች፤ ብዕሯ በብርድ አልጽፍ ብሏት ሁለት ጊዜ በትንፋሿ አሟሟቀችው።

ሐሙስ ዕለት ሂልያ መጡ። ከመኪናው ሲወርዱ ደግፈው ሊወስዷቸው የመጡትን ሁለት ሰዎች በምርኩዛቸው ገፋ ገፋ አድርገው በራሳቸው እግር እስከ በሩ ሄዱ። ገብተው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ በአሥር ወራቸው ከወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስኮቱ ነጭ ነበር። ከታች እስከ ላይ የተከመረ በረዶ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ነፋሱ ከዚያ ስለነበር ወደዚህ ተፋሁት፣ እማዬ።»

«እስከ ግንቦት ግድግዳ ሳይ ልከርም ነው? ግድግዳማ እዚያም ነበረኝ! አባትሽ ወደ ዝግባዎቹ ነበር የሚተፉት!»

ኢርማ ቦት ጫማዋን ገና አላወለቀችም ነበር። ኮፍያዋን ከምስማሩ አነሣች፣ ወጣች፣ ማሽኑን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጉሮሮውን ወደ ዝግባዎቹ መለሰች፣ ገመዱን ሳበች። በመጀመሪያው ተነሣ። ክምሩ እየቀነሰ ሲሄድ ከመስታወቱ ወዲያ መጀመሪያ የእናቷ ነጭ ፀጉር ታየ፣ ቀጥሎ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ «ወደዚያ፣ ትንሽ ወደዚያ!» እያለ የሚያመለክተው ጣታቸው።